የናፍጣ ፒክአፕ ባትሪ ስንት ዓመት ያገለግላል? ሙቀት ይገድለዋል፣ ብርድ ያጋልጠዋል

አንድ የምናውቀው ሹፌር ደብል ጋቢና ፒክአፑን ይዞ ሰመራ አካባቢ ስምንት ወር ሠራ። መኪናው አንድም ቀን አላስቸገረውም፤ ቁልፍ ሲነካ ይነሳል። በታኅሣሥ ወደ ደብረ ብርሃን ቤተሰቦቹ ጋ መጣ። በነጋታው እናቱን ሐኪም ቤት ለማድረስ ማለዳ ተነስቶ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ አንዴ አቃሰተና ዝም አለ። ሁለተኛ ሞከረ፣ ሦስተኛ ሞከረ፣ የለም። እናቱን በባጃጅ ላካቸው።

"ትናንት እኮ ደህና ነበር! ይሄ የደብረ ብርሃን ብርድ ባትሪዬን ገደለው" አለን በኋላ።

ባትሪውን የገደለው ግን ብርዱ አይደለም። የገደለው የሰመራ ሙቀት ነው። ብርዱ ያደረገው ነገር ቢኖር ሕመሙን ማጋለጥ ብቻ ነው። ይሄን ልዩነት ማወቅ ብዙ ብር ያድናል፣ መንገድ ላይ ከመቅረትም ያተርፋል። ስለዚህ ዛሬ የናፍጣ ፒክአፕ ከፋብሪካ ይዞት ስለሚመጣው ባትሪ፦ ስንት ዓመት እንደሚቆይ፣ ለምን እንደሚሞት፣ ከመሞቱ በፊት እንዴት እንደሚታወቅ በዝርዝር እናያለን።

🔋 አጭሩ መልስ

ከመኪናው ጋር የመጣ ባትሪ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል። ግን የት እና እንዴት እንደምትነዱ ይወስነዋል፦

👉 ቆላ (አፋር፣ ጋምቤላ፣ መተማ፣ ጎዴ አካባቢ) ተመላልሶ የሚሠራ ፒክአፕ ላይ ከ2 እስከ 3 ዓመት።

👉 እንደ አዲስ አበባ ባለ መካከለኛ አየር ከ3 እስከ 5 ዓመት።

👉 ደጋ ላይ ሆኖ ዘወትር ረጅም መንገድ የሚሄድ ከሆነ 5 ዓመትን አልፎ 6 እና 7 የሚደርስም አለ።

እነዚህ ቁጥሮች ዋስትና አይደሉም። በአንድ ቀን የተገዙ፣ አንድ ዓይነት ባትሪ የያዙ ሁለት ፒክአፖች አንዱ በ2 ዓመቱ ሌላው በ6 ዓመቱ ባትሪ ሊቀይሩ ይችላሉ። ምክንያቱን ከታች ታገኙታላችሁ።

🔋 ናፍጣ ለምን ከቤንዚን ይለያል?

የቤንዚን ሞተር ነዳጁን የሚያቀጣጥልለት ካንዴላ አለው። ናፍጣ ግን እንዲህ ዓይነት የእሳት ብልጭታ የለውም። አየሩን ራሱን አፍኖ በማሞቅ ነው የሚነሳው። ቤንዚን ሞተር አየሩን 10 እጥፍ አካባቢ ሲያፍን፣ ናፍጣ ከ15 እስከ 20 እጥፍ ያፍናል። እንዲህ የታፈነ አየር ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይደርሳል፤ ናፍጣው እዚያ ላይ ሲረጭ ይቀጣጠላል።

ይሄን ሁሉ አየር ለማፈን ሞተሪኖው ትልቅ ጉልበት ይፈልጋል። ጉልበት ብቻ ሳይሆን ፍጥነትም ያስፈልጋል። ሞተሩ ቀስ ብሎ ከዞረ የታፈነው አየር ሙቀቱን ለቀዝቃዛው የሞተር ብረት ይሰጥና ናፍጣው ሳይቀጣጠል ይቀራል። በዚያ ላይ ከመነሳቱ በፊት ሞተሩን የሚያሞቁት ማሞቂያ ካንዴላዎች አሉ። አራቱ አንድ ላይ 50 አምፔር አካባቢ ይጎትታሉ። ሞተሪኖው ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይወስዳል።

ይሄ ማለት ምን ማለት ነው? የደከመ ባትሪ ትንሽ የቤንዚን መኪና ላይ እየተንገዳገደ ለወራት ሊያስነሳ ይችላል። ናፍጣ ፒክአፕ ላይ ግን ያው ባትሪ አንድ ቀን ማለዳ "በቃኝ" ይላል። ናፍጣ ግማሽ ጉልበት አይቀበልም።

ሌላም ነገር አለ። ከፒክአፕ የወረደ ባትሪ መብራት ያበራል፣ ጥሩንባ ያስጮሃል፣ ትንሽ መኪናም ሊያስነሳ ይችላል። ስለዚህ "ትንሽ የሠራ፣ ምንም ያልሆነ" ተብሎ ገበያ ላይ ይመለሳል። መብራት ማብራቱ ባትሪው ደህና ነው ማለት አይደለም።

🔋 ባትሪው ውስጥ ምን ይከናወናል?

የመኪና ባትሪ የእርሳስ ሳህኖች ውሃ በተቀላቀለበት ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ የተነከሩበት ሳጥን ነው። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 እ.ኤ.አ. የፈጠረው ነው፤ መሠረታዊ አሠራሩ ዛሬም ያው ነው። ውስጡ ስድስት ክፍሎች አሉት። እያንዳንዱ 2.1 ቮልት አካባቢ ይሰጣል፣ ሲደመር 12.6 ቮልት ይሆናል።

ይሄ ሳጥን በአራት መንገድ ይሞታል።

1. በሙቀት። ሙቀት ሲጨምር ሳህኖቹ የሚበሉበት ፍጥነት ይጨምራል፣ ውሃውም ይተናል። ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት መለኪያ አለ፦ የባትሪው ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው ወደ ግማሽ ይጠጋል። ከኮፈን ሥር ያለው ሙቀት ደግሞ ከውጪው አየር ይበልጣል። ሰመራ 40 ዲግሪ ሲሆን ባትሪው ያለበትን ቦታ አስቡት።

2. ሳይሞላ በመቆየት። ባትሪ ሲወርድ ሳህኖቹ ላይ የሰልፌት ክምችት ይፈጠራል። ቶሎ ከተሞላ ይጠፋል። ለሳምንታት ሳይሞላ ከቆየ ግን ይጠጥርና አይለቅም። የተያዘው የሳህኑ ክፍል ከዚያ ወዲህ አይሠራም።

3. በውሃ ማነስ። ውሃው ወርዶ ሳህኑ አየር ላይ ከወጣ፣ የወጣው ክፍል ይደርቃል። በኋላ ውሃ ቢጨመርም ሙሉ በሙሉ አይመለስም።

4. በንዝረት። ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ኮረኮንች መንገድ ላይ ማሰሪያው የላላ ባትሪ ሲንቀጠቀጥ ይውላል። ከሳህኖቹ ላይ የሚሠራው ነገር እየረገፈ ከሥር ይጠራቀማል፤ በመጨረሻ ሁለት ሳህኖችን ያገናኝና አንዱ ክፍል ይሞታል። የባትሪ ማሰሪያ አንድ ብሎን ማጥበቅ ገንዘብ አይጠይቅም።

አሁን ወደ ደብረ ብርሃኑ ማለዳ እንመለስ። ቅዝቃዜው ወደ 0 ዲግሪ ሲጠጋ ጤነኛ ባትሪ እንኳ የሚሰጠው ጉልበት ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። በዚያው ሰዓት የሞተር ዘይቱ ወፍሯል፣ ሞተሪኖው ከወትሮው የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል። የሰመራ ሙቀት ግማሹን የበላው ባትሪ ይሄን ፈተና አያልፍም። ሰመራ ላይ ቀላል ፈተና ስለነበር ሳይታወቅ ቆየ።

ስለዚህ ቆላ ከርማችሁ ወደ ደጋ የምትመለሱ ከሆነ ባትሪውን ከመንገዱ በፊት አስመርምሩት።

🔋 የባትሪው ዕድሜ የሚቆጠረው ከመቼ ጀምሮ ነው?

ብዙ ሰው መኪናውን ከገዛበት ቀን ይቆጥራል። ስህተት ነው። ሊብሬው ላይ ያለው ቀን የባትሪው ልደት አይደለም።

ባትሪው ፋብሪካ ገባ፣ መኪናው ላይ ተገጠመ፣ መርከብ ላይ ተጫነ፣ ጂቡቲ ወደብ ላይ ፀሐይ መታው፣ ከዚያ ሻጩ ግቢ ቆመ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ባትሪው ዝም ብሎ አይቀመጥም። የእርሳስ ባትሪ ምንም ባይነካም በየወሩ በመቶኛ 3 እስከ 5 ያህል ራሱን ያወርዳል፣ በሙቀት ደግሞ ከዚያ በላይ። መሙላት ያለበት ሰው ካልሞላው አዲስ መኪና ውስጥ ሆኖ ያረጃል። "ዜሮ ዜሮ" መኪና ገዝቶ በ1 ዓመት ከመንፈቁ ባትሪ የቀየረ ሰው ካጋጠማችሁ ምክንያቱ አንዱ ይሄ ሊሆን ይችላል።

ባትሪው ላይ የተመረተበትን ቀን ፈልጉ። አንዳንዱ ወሩንና ዓመቱን በግልጽ ይጽፋል። አንዳንዱ በምስጢር ኮድ ያትማል፦ ፊደሉ ወሩን፣ ቁጥሩ ዓመቱን ያሳያል። ለምሳሌ የእንግሊዝኛው ሦስተኛ ፊደል "ሲ" ከ4 ጋር ከተጻፈ ማርች 2024 እ.ኤ.አ. ማለት ነው። ሁሉም አምራች አንድ ዓይነት ኮድ ስለማይጠቀም ሻጩ እንዲያነብላችሁ ጠይቁ። ማንበብ ካልቻለ ወይም "ቀኑ ምን ያደርግልሃል" ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

🔋 ዕድሜውን የሚያሳጥሩ የእኛ ልማዶች

👉 አጭር አጭር ጉዞ። ሞተሪኖው የወሰደውን ዲናሞው ለመመለስ ጊዜ ይፈልጋል። አንዴ ለማስነሳት የሚወጣው ብዙ አይደለም፣ ጥቂት ደቂቃ መንዳት ይመልሰዋል። ችግሩ በቀን አሥር ጊዜ አስነስቶ ማጥፋት ነው፤ በተለይ ማታ መብራት በርቶ፣ ማቀዝቀዣና ሬዲዮ እየሠራ፣ ትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ።

👉 የነዳጅ ወረፋ። ሁለት ሜትር ለመጠጋት አስነስቶ ማጥፋት፣ እንደገና ማስነሳት። ሰዓታት በሚፈጅ ወረፋ ባትሪው ይሰጣል እንጂ አይቀበልም። ሜዳ ከሆነና ረዳት ካለ ገፋ ማድረግ ይሻላል። ቆማችሁ ስትጠብቁም ቁልፉን ከፍታችሁ ሬዲዮ አታድምጡ፣ ስልካችሁ አለ።

👉 ቆሞ መክረም። ዘመናዊ ፒክአፕ ጠፍቶም ትንሽ ኤሌክትሪክ ይወስዳል። እስከ 50 ሚሊአምፔር ድረስ ጤናማ ነው። ግን እናስላው፦ 50 ሚሊአምፔር በቀን 1.2 አምፔር ሰዓት ነው። በ30 ቀን 36 ይሆናል። ባትሪያችሁ 80 አምፔር ሰዓት ከሆነ ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም! በዚያ ላይ ጂፒኤስ መከታተያ፣ አላርም፣ አምፕሊፋየር ከተጨመረ ከዚያም ቶሎ ያልቃል። መኪናው ከሁለት ሳምንት በላይ የሚቆም ከሆነ የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ፍቱት። ሞተሩን አስነስቶ አምስት ደቂቃ ማቆየት ባትሪ አይሞላም፤ የሚረዳው ወጥቶ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ መንዳት ነው።

👉 የታመመ ዲናሞ። ቺንጋው ከላላ ወይም ዲናሞው በደንብ ካልሞላ አዲስ ባትሪ ብትገጥሙም በወራት ውስጥ ይሞታል። ከመጠን በላይ የሚሞላ ዲናሞ ደግሞ ውሃውን አፍልቶ ያደርቀዋል። ባትሪ በዓመት ከአንዴ በላይ የሚቀይር ሰው ባትሪ ሻጩን ከመውቀሱ በፊት ዲናሞውን ያሳይ።

👉 አሲድ መጨመር። ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ውሃ ሲጎድልበት የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው። የሚተነው ውሃው እንጂ አሲዱ አይደለም። አሲድ ሲጨመር ለጥቂት ቀን የተነቃቃ ይመስላል፣ ከዚያ ሳህኖቹን ይበላል። የቧንቧ ውሃም ማዕድን ስላለው አይሆንም።

🔋 ከመሞቱ በፊት ምን ይላል?

👉 ማለዳ ሞተሩ ከወትሮው ቀስ ብሎ ይዞራል።

👉 ቁልፍ ስታዞሩ የዳሽቦርዱ መብራት በጣም ይደክማል ወይም ሰዓቱ ወደ ዜሮ ይመለሳል።

👉 የባትሪው ጎን አብጧል።

👉 የበሰበሰ እንቁላል ዓይነት ሽታ አለ። ይሄ ከልክ በላይ እየተሞላ ነው ማለት ስለሚሆን ወዲያው አሳዩት።

👉 ተርሚናሉ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ተጋግሯል። ይሄ አንዳንዴ መልካም ዜና ነው! ባትሪው ጤነኛ ሆኖ ግንኙነቱ ብቻ የተበላሸ ሊሆን ይችላል። ሞተሩን አጥፍቶ፣ ኔጋቲቩን መጀመሪያ ፈትቶ፣ በሞቀ ውሃና ቤኪንግ ሶዳ ማጽዳት ነው። መልሳችሁ ስትገጥሙ ኔጋቲቩ መጨረሻ ይሆናል።

ግን አንዳንድ ባትሪ ምንም ሳይል ይሞታል። ስለዚህ መለካት ይሻላል። ቴስተር ያለው የመኪና ኤሌክትሪሽያን ሦስቱን ልኬቶች በአምስት ደቂቃ ይጨርሳል። እናንተም ትችላላችሁ።

አንደኛ፦ መኪናው ሌሊቱን ቆሞ፣ ማለዳ ሳይነሳ።
12.6 ቮልት እና ከዚያ በላይ፦ ሙሉ ነው።
12.4፦ ከአራት ሦስት እጁ አለ።
12.2፦ ግማሽ ነው፣ ይሞላ።
12.0 እና ከዚያ በታች፦ ሊያልቅ ነው።
10.5 አካባቢ፦ አንዱ ክፍል ሞቷል። ቻርጅ አያድነውም፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

ሁለተኛ፦ ሌላ ሰው እያስነሳ እናንተ ቁጥሩን ተመልከቱ። ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል። ሙሉ የተሞላ ባትሪ ላይ ይሄ ከታየ መቀየሪያው ደርሷል። ለናፍጣ ዋናው ልኬት ይሄ ነው፣ ምክንያቱም 12.6 እያሳየ ጉልበት የሌለው ባትሪ አለ።

ሦስተኛ፦ ሞተሩ ተነስቶ። ከ13.8 እስከ 14.5 ካሳየ ዲናሞው በተለምዶ ደህና ነው። 13 ካልሞላ አይሞላም ማለት ነው። 15 ካለፈ ባትሪውን እየቀቀለው ነው።

የእኛ ምክር፦ ቆላ የሚሠራ ፒክአፕ ከ2ኛ ዓመቱ ጀምሮ፣ ሌላው ከ3ኛ ዓመቱ ጀምሮ በየስድስት ወሩ ይለካ። አንደኛው ልኬት ከኅዳር ብርድ በፊት፣ በጥቅምት ቢሆን ጥሩ ነው።

🔋 አዲስ ስትገዙ

ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ስትሄዱ የድሮውን ባትሪ ጽሑፍ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። የጃፓን ዓይነት መለያ፣ ለምሳሌ "95 ዲ 31 ኤል"፣ እንዲህ ይነበባል፦ 95 የጉልበቱ ደረጃ፣ ዲ የስፋትና የቁመቱ መጠን፣ 31 ርዝመቱ በሴንቲሜትር፣ ኤል ደግሞ ተርሚናሎቹ በየትኛው ጎን እንደሆኑ ይነግራል። የመጨረሻውን ፊደል ከተሳሳታችሁ ገመዱ አይደርስም።

አምፔር ሰዓቱን ብቻ አይታችሁ አትግዙ። ለናፍጣ ወሳኙ በብርድ ሰዓት የማስነሳት ጉልበቱ ነው፤ በአምፔር ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ይሄ ቁጥር ከመኪናው ጋር ከመጣው ባትሪ እንዳያንስ። ርካሹ ባትሪ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው የሚቀንሰው። ገንዘብ ሳትከፍሉ ቮልቱን አስለኩ፦ "አዲስ" ተብሎ ከ12.4 በታች የሚያሳይ ባትሪ መደርደሪያ ላይ ከርሟል።

አሜሪካ ያላችሁ ቤተሰቦቻችን የምትነዷቸው ትልልቅ የናፍጣ ፒክአፖች፣ እንደ ፎርድ ሱፐር ዲዩቲና ራም ከሚንስ ያሉት፣ በተለምዶ ሁለት ባለ12 ቮልት ባትሪ ጎን ለጎን ተያይዘው አሏቸው። አንዱ ሲሞት ሁለቱንም አንድ ላይ መቀየር ይመከራል፤ አሮጌው አዲሱን ስለሚጎትተው።

🔋 መንገድ ላይ ከቀራችሁ

መጀመሪያ የሚያስነሳላችሁ መኪና ስንት ቮልት እንደሆነ ጠይቁ። ፒክአፓችሁ 12 ቮልት ነው። ብዙዎቹ የአይሱዙ የጭነት መኪኖችና አውቶቡሶች ግን 24 ቮልት ናቸው። ከነሱ ላይ ገመድ መዘርጋት የመኪናችሁን ኮምፒዩተር ሊያቃጥል ይችላል። የባትሪው ዋጋ ከኮምፒዩተሩ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ቅደም ተከተሉ፦ ቀዩን ገመድ ከሞተው ባትሪ ፖዘቲቭ ወደ ጤነኛው ፖዘቲቭ። ጥቁሩን ከጤነኛው ኔጋቲቭ፣ ከዚያ በሞተው መኪና ላይ ከባትሪው ራቅ ያለ ቀለም የሌለው የሞተር ብረት ላይ። ሲነሳ በተቃራኒው ቅደም ተከተል ንቀሉ።

ገፍቶ ማስነሳትስ? አውቶማቲክ ከሆነ እርሱት። ማኑዋል ቢሆንም አዳዲሶቹ በኮምፒዩተር የሚሠሩ የናፍጣ ሞተሮች ባትሪው ጭራሽ ከሞተ አይነሱም፤ ናፍጣውን የሚረጨው ራሱ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል።

⚠️ ባትሪ ሲሞላ የሚፈነዳ ጋዝ ያወጣል። አጠገቡ ሲጋራ አይጨስ፣ የውሃውን መጠን ለማየት ክብሪት አይጫር። የስልክ መብራት ተጠቀሙ። አሲድ ዓይን ወይም ቆዳ ከነካ ወዲያው በብዙ ውሃ ታጠቡ፣ ዓይን ከሆነ ሐኪም ቤት ሂዱ።

🔋 አሮጌውን ምን እናድርገው?

ለቆራሌውም ሆነ ለሱቁ ስትሰጡ ሳይሰበር፣ አሲዱ ሳይደፋ ይሁን። ውስጡ ያለው እርሳስ መርዝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ይናገራል፤ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ግቢ ውስጥ ባትሪ ሰብሮ እርሳስ ማቅለጥ ልጆች የሚጫወቱበትን አፈር መመረዝ ነው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን ካሳወቀ ወዲህ፣ በእጅ ያለን መኪና ተንከባክቦ ማቆየት የብዙ ሰው ጉዳይ ሆኗል። ያ ሹፌር አሁን ከቆላ ሲመለስ መጀመሪያ የሚሄደው ኤሌክትሪሽያን ጋ ነው። "አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጅብኝ፣ እናቴን ድጋሚ በባጃጅ አልልክም" ብሎናል።

እናንተስ? የፒክአፓችሁ የመጀመሪያ ባትሪ ስንት ዓመት አገለገላችሁ? የት አካባቢ ነው የምትነዱት? በኮሜንት ጻፉልን። ቆላ የሚሠራ ሹፌር የምታውቁ ደግሞ ብርዱ ሳይገባ ይሄን ላኩለት።